ያረጀ፣ የተጣለ ውሻ ነፍስ እንዲዘራ

በደቡብ ጎንደር ደጋ ውሻ የሚያዘው ለጥበቃ ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፤ ሲመሽ ይፈታና ጅብም ሌባም በረቱን እንዳይደፍር አጥር ለአጥር ሲዞር ያድራል። ደመወዙ ከማዕድ የተረፈው ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚባለው ይህ ውል ነው። ውሉ ታዲያ ስለ እርጅና የሚለው የለውም። ጥርሱ ያለቀ፣ ጆሮው የደከመ፣ ሌሊቱን ምድጃ ጥግ ተጠቅልሎ ማሳለፍ የሚወድ ውሻ በወጣት ይተካል፤ እሱን ከዚያ ወዲያ የሚቀልበው የለም። ገመዱ ይፈታለትና መንደር ለመንደር ይዞራል፤ አለዚያም እንደታሰረ ይረሳል። ቤት ሲሸጥ፣ ቤተሰብ ከተማ ሲገባ፣ ሰው በድንገት ቀዬውን ለቆ ሲሄድም ያው ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወደ ጋይንት ሲዘልቅ ልጅና ከብት ይዞ የሚሸሽ ሰው ስለ ውሻ የሚያስብበት ጊዜ አልነበረውም።

እንዲህ ያለ ውሻ ደጃፉ ላይ የወደቀበት ወይም አዝኖ የወሰደው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ያለውን ምግብ ሁሉ ያቀርብለታል። ክፉው ነገር እዚህ ላይ ነው። ለሳምንታት የተራበ ሽማግሌ ውሻ ችጋሩን ተቋቁሞ ደርሶ፣ በመጀመሪያው ቀን ጥጋብ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነበበው አብዛኛው ምክር «ቀስ በሉ» ማለት ነው፤ በምግቡም፣ በመድኃኒቱም፣ በመዳሰሱም።

ከምግቡ በፊት ግን አንድ በር አለ።

አጥንት አንቆት ነው?

አፉ የተከፈተ፣ ለሃጩ የሚንጠባጠብ፣ ታችኛው መንጋጋው የተንጠለጠለ፣ ውኃ ሲያይ የሚፈልግ ግን መዋጥ የማይችል ውሻ ሲያጋጥም ሰው ቶሎ የሚለው «አጥንት አንቆት ነው» ነው። ከዚያም እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ይህ ምልክት ግን ከእብድ ውሻ በሽታ ዓይነቶች አንዱ ነው። በሽታው ሁልጊዜ የሚናከስና የሚሮጥ ውሻ አያደርግም፤ ጸጥ ብሎ፣ ጨለማ ጥግ ፈልጎ፣ እግሩ እየሰነፈ የሚሞትም አለ። ድምፁ ተቀይሮ የሻከረ፣ እንጨትና ድንጋይ የሚያኝክ፣ አረማመዱ የተበላሸ ውሻ ካዩ እጅዎን ይሰብስቡ፤ ልጆችን ያርቁ፤ ለከተማው ወይም ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይንገሩ።

ይህ አካባቢ ከበሽታው ጋር ያለው ትውውቅ የቆየ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እንዳሰፈሩት በ1876 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1884) በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ የእብድ ውሻ በሽታ ተነሥቶ ነበር። የአካባቢው ከተማ ደብረ ታቦር ያኔ የበጌምድር እምብርት ነበረች። ሉዊ ፓስተር በፓሪስ የመጀመሪያውን ልጅ የከተበው ከዚያ በዓመቱ ነው። ዛሬም የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሰውን ከሚይዘው የዚህ በሽታ ጉዳት 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ጤነኛ የሚመስለውም ቢሆን ታሪኩ የማይታወቅ ውሻ ነውና፣ ከሌሎች እንስሳትና ከልጆች ተለይቶ ይቆይ። ቢነክስዎ ወይም ቢቧጭርዎ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠቡ። 15 ደቂቃ ሲሉት አጭር ነው፤ ቧንቧ ሥር ቆመው ሲጠብቁት ግን ረጅም ነው፣ አያሳጥሩት። ከዚያ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱና ሐኪሙ ክትባት ያስፈልጋል ካለ ሙሉውን ይጨርሱ። ጠበል መጠመቅ የእምነት ጉዳይ ነው፤ የሚጠመቅም ሰው ክትባቱን አይተው። የነከሰው ውሻ በሕይወት ካለ አይገደል፤ ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ። ሲነክስ ቫይረሱ በምራቁ ውስጥ ከነበረ በእነዚህ ቀናት ይታመማል ወይም ይሞታል። ደህና ሆኖ 10ኛውን ቀን ካለፈ ግን ከዚያ ንክሻ የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ አይኖርም።

ሁለት ዕንቁላል ለአንድ ቀን

የተራበ ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን መረዳት ጠቃሚ ነው። እህል ሲጠፋ ሰውነት የራሱን ስብና ሥጋ እየበላ ይኖራል፤ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የሚባሉት ማዕድናትም አብረው ይመናመናሉ። በድንገት ብዙ እንጀራ፣ ዳቦ ወይም ገንፎ ሲገባ ስኳሩን ለማስተናገድ ኢንሱሊን ይፈስሳል፤ ኢንሱሊኑ ደግሞ የቀረችውን ትንሽ ፎስፈረስ ከደም ጠርጎ ወደ ሕዋሳት ያስገባታል። ደሙ ባዶ ሲቀር ጡንቻ ይዝላል፣ ልብ ምቱን ይስታል። ምግቡ ከተበላ ከአንድ እስከ ጥቂት ቀናት ውስጥ ውሻው ይንቀጠቀጥና ይወድቃል፤ ባለቤቱም «ደህና በልቶ ነበር፣ ምን አገኘው?» ይላል። በሆስፒታል በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት መጀመሪያ ኤፍ-75 የሚባለው ቀለል ያለ ወተት፣ ሲጠነክሩ ብቻ ኤፍ-100 የሚሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

በቁጥር እንየው። ጎድኑ የሚቆጠር፣ የዳሌው አጥንት የወጣ፣ 14 ኪሎ የሚመዝን ውሻ አለ እንበል። እንዲህ ያለ ውሻ ተኝቶ ለመኖር ብቻ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የሚሰጠው የዚህ ሩብ ነው፤ ይኸውም 125 ካሎሪ አካባቢ፣ በሌላ አነጋገር ሁለት የተቀቀለ የሐበሻ ዕንቁላል። አዎ፣ ለሙሉ ቀን! ያውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ተፈርፍሮ ለ5 ወይም ለ6 ጊዜ ተከፍሎ። ውሻው ዓይን ዓይንዎን ያያል፤ ጎረቤት «ምነው አንድ እንጀራ ጣል ብታደርጊለት» ይላል። ይጽኑ። ከ4ኛው ቀን ጀምሮ ግማሹን፣ ከሳምንት በኋላ ሦስት አራተኛውን፣ በ10ኛው ቀን አካባቢ ሙሉውን ያደርሳሉ። ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ መንቀጥቀጥ ወይም እየባሰ የሚሄድ ድካም ከታየ ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሱና ሐኪም ያማክሩ።

ውኃው ግን አይከለከልም። ያም ሆኖ በጣም የደረቀ ውሻ አንድ ሣህን ሙሉ በአንድ ትንፋሽ ቢጠጣ ያስመልሰዋልና፣ በየሩብ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይቅረብለት። መድረቁን ለማወቅ ጀርባው ላይ ያለውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ይልቀቁት፤ ቶሎ ካልተመለሰ ውኃ አንሶታል። ሽማግሌና ከሲታ ውሻ ቆዳው በተፈጥሮውም ይዘገያል፤ ስለዚህ ድዱንም ይዳስሱ። የሚያጣብቅ ድድ ካገኙ ጥማቱ እውነት ነው።

ምን ይብላ? ለዚህ አገር እኔ የምመርጠው አይብ ነው። ቅቤው የወጣለት፣ ቅመም ያልነካው፣ ጨው የሌለው አይብ ለስላሳ ነው፣ ጥርስ አይጠይቅም፣ አብዛኛው ፕሮቲን ነው፣ ፎስፈረስም አለው፤ ከወተት ይልቅ ሆድ አያውክም። ዕንቁላል፣ ተቀቅሎ የተከተፈ ሳንባ ወይም ቀይ ሥጋ፣ እሾኹ የተለቀመለት የጣና ዓሣ ይከተላሉ። ፋርጣ ወረዳ የድንች አገር ነውና ልጡ ተነሥቶ የተቀቀለ ድንች በ2ኛው ሳምንት ጥሩ ማሟያ ይሆናል። ጉበት በሳምንት ትንሽ ትንሽ ይበቃል።

አሁን ወደ ወጡ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው እዚህ ላይ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ። ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የደረቀም ሆነ የተፈጨ ልዩነት የለውም። የእኛ ወጥ ደግሞ ከሽንኩርት ይጀምራል፤ ሽሮውም በርበሬውም ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት የተሰናዳ ነው። ጤነኛ ውሻ ወጥ የነካው እንጀራ በልቶ ሲኖር እናያለን፤ ቁንጫና የአንጀት ትል ደሙን ለጨረሱት ሽማግሌ ግን የቀረችውን ደም ማፍሰስ ነው። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ስለዚህ ለውሻው ለብቻው፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬና ያለ ጨው ይቀቀልለት።

ጾም ሲገባ ነገሩ ይከብዳል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሉካንዳ ይዘጋል፤ ዕንቁላልና አይብ ከቤት ይወጣል፤ የጾመኛ ቤት ውሻ ሳይወድ አብሮ ይጾማል። ውሻው ጾም የለበትም። ችግሩ የዕቃ ነው፤ ጾመኛ እናት በጾም ድስት ዕንቁላል አትቀቅልም፣ ልክም ናት። አንዲት አሮጌ ጣሳ ለውሻው ብቻ ተለይታ ውጭ በሦስት ጉልቻ ብትጣድ ጭቅጭቁ ያልቃል። ያም ካልሆነ እስኪላላ የተቀቀለ የባቄላ ወይም የምስር ክክ ከድንች ጋር ለጊዜው ይይዘዋል። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ተቃራኒው አደጋ አለ፤ በአንድ ቀን የሆድ ዕቃ፣ ሞራና አጥንት ይዘንብለታል። ጥጋቡ ሽማግሌ ሆድ ያስቀምጣል፤ ጥሬው ደግሞ ጥገኛ ትል ይዞ ይመጣል።

ከድድ እስከ ጥፍር

ውሻው ከተረጋጋ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ቀስ ብለው ይመርምሩት። ፊት ለፊት አይቁሙ፤ ከጎን ተቀምጠው እጅዎን ያሽትቱት። የታመመ ቦታ ሲነካ የማይነክስ ውሻ የለም፣ የዋሁም ቢሆን። ስለዚህ ከአሮጌ ነጠላ በተቀደደ ጨርቅ አፉን ከላይ፣ ከታች፣ ከዚያም ከጆሮው ኋላ አሥረው ይያዙት፤ ሲጨርሱ ወዲያው ይፍቱለት። ጓንት ከተገኘ ይልበሱ።

ከንፈሩን ገለጥ ያድርጉ። ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው፤ በጣት ተጭነው ሲለቁት ነጣ ብሎ በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። እንደ ወረቀት የነጣ ከሆነ ደም አንሶታል። የተቦረቦረና የገማ ጥርስ ካለ ውሻው እየራበው እንኳ ምግቡን አንሥቶ ይጥላል፤ ሰው «ጠገበ» ይላል። ዓይኑ ግራጫ ሰማያዊ ጉም የመሰለ ነገር ካለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የእርጅና ነው፤ በደንብ ያያል። ነጭ ወተት የመሰለው ግን ሞራ ነው፤ እሱ ያሳውራል። መዳፉን ያገላብጡ፤ ታስሮ የከረመ ውሻ ጥፍሩ ሳይፋቅ ስለሚያድግ ተጠምዝዞ ሥጋው ውስጥ የገባበት ጊዜ አለ። አንገቱን በተለይ ይፈትሹ። ቡችላ ሳለ የታሰረበት ገመድ ወይም ሽቦ ሳይላላ አድጎበት ቆዳው ሸፍኖት ይገኛል፤ ከላይ ጸጉር ብቻ ይታያል፣ ሽታው ግን ይነግርዎታል። ይህን ራስዎ አይጎትቱ፤ ማደንዘዣ ይፈልጋል።

ላይ ላዩን ያለ ቁስል ሲገኝ ዙሪያው ያለው ጸጉር ይቆረጥ። አንድ ሊትር ውኃ አፍልተው፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ለጥ ያለ ጨው ጨምረው፣ ለብ ሲል እያፈሰሱ ይጠቡ። ትል ከታየ አንድ በአንድ በፒንሳ ይለቀም። ቁስል ላይ ላምባ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ የባትሪ ውኃ ማፍሰስ የተለመደ ቢሆንም ቆዳውን ከማቃጠሉ ሌላ፣ ውሻው ስለሚልሰው ወደ ጉበቱና ወደ ኩላሊቱ ይሄዳል። ለእህል ተባይ የሚረጨው መድኃኒትም እንዲሁ።

ጸጉሩ ረግፎ ቆዳው የጠነከረና የሚያሳክከው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ እከክ ነው ያለበት። በዓይን የማትታይ ነፍሳት ቆዳ ሥር ዋሻ ትቆፍራለች። አይቨርሜክቲን ይፈውሰዋል፤ በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱም አለ። አደጋው መጠኑ ላይ ነው። ለከብት የሚሸጠው መርፌ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም የያዘ ነው። አንድ በሬ 5 ሚሊ ሊትር ቢወጋ፣ ለ14 ኪሎ ውሻ ሐኪም የሚያዝዘው የአንድ ሚሊ ሊትር ሲሶ እንኳ አይሞላም። «ለበሬው ከተረፈው ትንሽ» ብሎ በዓይን መለካት ውሻውን ያንዘፈዝፈዋል፣ ያሳውረዋል፣ ይገድለዋል። ስለዚህ መርፌው በባለሙያ እጅ ይሁን፤ ውሻውም አስቀድሞ ይመዘን።

የሰው ማስታገሻ ይበልጥ ያስፈራኛል። ሽማግሌ ውሻ መገጣጠሚያው ሲያመው እያነከሰ ይነሣል፤ በባለቤቱ ቤት ውስጥ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አለ። ለሰው የታሰበችው ፍሬ የውሻን ጨጓራ አድምታ ኩላሊቱን ታቆማለች፤ በተለይ ውኃ ያነሰውን። ለውሻ የተዘጋጀ ማስታገሻ ባይገኝ እንኳ ሙቀትና ለስላሳ መኝታ ከዚህ ፍሬ ይሻላሉ።

ስለ ማሕፀንና ስለ ብልት ሁለት ነገር ልጨምር። ከፍትወት ጊዜዋ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውኃ አብዝታ የምትጠጣ፣ ሆዷ የተነፋ፣ ከብልቷ መግል የሚወርድ አሮጊት ውሻ ማሕፀኗ መግል ይዟል ማለት ነው፤ ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። በሁለቱም ጾታ ብልት ላይ እንደ አበባ ጎመን የፈነዳና የሚደማ እባጭ ከታየ ደግሞ በግንኙነት የሚተላለፍ ዕጢ ሊሆን ይችላል። መልኩ ያስደነግጣል እንጂ በየሳምንቱ በሚሰጥ የቪንክሪስቲን መርፌ ብዙ ጊዜ ፈጽሞ ይድናል። ሰው ይህን ባለማወቁ የሚጥላቸው ውሾች ያሳዝኑኛል።

ትሉ፣ በጉና ጉና

ሰገራው ላይ ወይም ጅራቱ ሥር የፎገራ ሩዝ ፍሬ የመሰለ ነጭ ነገር ከታየ የኮሶ ትል ዘር ነው። ለእሱ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ መጠኑ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም። አያቶቻችን ለራሳቸው የጠጡትን ኮሶ ለደከመ ውሻ ማጠጣት ግን አይገባም፤ ለሰውም የከበደ ነበር። ሌሎቹን የአንጀት ትሎች የሚያወጣውን መድኃኒት ሐኪሙ ይጨምርበታል። ውሻው በጣም ከደከመ ትል ማስወጣቱ ለጥቂት ቀናት ይቆይ፣ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላም ይደገም።

በግ አርቢ ጎረቤት «ለውሻ መድኃኒት ገንዘብ ማውጣት!» ብሎ ቢስቅ የአዙሪትን ነገር ያንሡለት። በጉ አንገቱን አዘንብሎ ባለበት የሚሽከረከርበት፣ ከመንጋው ተለይቶ ግንብ የሚገፋበት በሽታ መነሻው የውሻ ትል ነው። ውሻው በሰገራው የጣለው ዕንቁላል ግጦሽ ላይ ይቀራል፤ በጉ ከሣሩ ጋር ይበላዋል፤ ትሉ አንጎሉ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ያ በግ ይታረድና ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል፤ ክቡ ይዘጋል። በጉበትና በሳንባ ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ከረጢትም እንዲሁ ከውሻ የሚመጣ የሌላ ትል ነው፤ እሱ ሰውንም ይይዛል። እንግዲህ ጭንቅላቱና የታመመው ጉበት ወይ በደንብ ይቀቀል፣ ወይ ይቀበር። ውሻው በየ3 ወሩ መድኃኒቱን ሲወስድ የሚድነው መንጋው ጭምር ነው።

ውሻው ከፎገራ ወይም ከሊቦ ከምከም ዝቅተኛ ቀበሌ የመጣ ከሆነ ለሐኪሙ ይህን ሳይነግሩ አይቅሩ። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ካላዛር የሚባለው በሽታ ተነሥቶ ብዙ ሰው ፈጅቷል፤ ያኔ የተደረገው ጥናት በበሽታው ከመያዝ ጋር ካያያዛቸው ነገሮች ውስጥ ውሻ ማሳደር አንዱ ነበር። ውሾች በዚያ አካባቢ በሽታውን በማስተላለፍ ያላቸው ድርሻ እስካሁን ያከራክራል። ለማንኛውም የሚከሳ፣ ቆዳው የሚላላጥ፣ ጥፍሩ ያለ ልክ የሚያድግ የዚያ አካባቢ ውሻ ምርመራ ይገባዋል። ደጋው ላይ ይህ ሥጋት እምብዛም የለም።

ክሊኒኩ ጋ ስንደርስ እውነቱን እንነጋገር። የወረዳና የከተማ የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች የተደራጁት ለከብት፣ ለበግ፣ ለፍየልና ለአህያ ነው። ሽማግሌ ውሻ በጋሪ ጭኖ የመጣ ሰው ፈገግታ ቢገጥመው አይክፋው። ባለሙያው ግን መዝኖ መርፌ መውጋትን፣ ቁስል ማጠብን፣ ትል ማስወጣትን፣ መከተብን ያውቃል። ደም ምርመራ፣ ጥርስ ነቀላ ወይም ቀዶ ጥገና ሲያስፈልግ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅና የማስተማሪያ ክሊኒክ አለው፤ እዚያ ውሻ ማየት የተማሪዎቹ የዘወትር ትምህርት ነው።

የእብድ ውሻ ክትባት መቼ ይሰጥ ለሚለው፣ የከሳ ውሻ ሰውነት ለክትባቱ ደህና መልስ ስለማይሰጥ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ጥቂት ሳምንት ያቆየዋል፤ በአካባቢው በሽታው ካለ ደግሞ ያፋጥነዋል። ከተከተበም በኋላ መከላከያው የሚጸናው ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው።

የዚህ ክትባት ጥቅም ከአጥሩ ውጭም ይሄዳል። ከደብረ ታቦር ቀና ሲሉ የሚታየው፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ የሆነው የጉና ተራራ አንድ ዘመን የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነበር። የእርሻው ወደ ላይ መግፋት ግጦሹን እያጠበበ ጥቂቶቹን ለብቻቸው ስላስቀራቸው ዛሬ ጉና ላይ ቀይ ቀበሮ የለም። በመላ ኢትዮጵያ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ባሌ ላይ በ1996 ዓ.ም. እንደታየው፣ ካልተከተቡ የመንደር ውሾች የሚዛመት የእብድ ውሻ በሽታ እነዚህን በጥቂት ወራት ሊጨርስ የሚችል ነው። ቀይ ቀበሮ ባለበት በሰሜን ተራራ ግርጌ ወይም በወሎ ደጋ ዘመድ ያለው ሰው ውሻቸውን እንዲያስከትቡ ቢነግር ጥቅሙ ቀላል አይደለም።

መኝታና ማታ

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ በሐምሌ ጭቃው አይደርቅም። ስብ ያጣ ሰውነት ሙቀት አይዝም፤ የሚበላው ምግብም ሰውነት በመገንባት ፈንታ ለማሞቂያ ይነድዳል። ስለዚህ መኝታው ከምግቡ እኩል ነው። ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ፣ ላዩ ላይ ገለባ፣ ከላይ ጆንያ፤ በነፋሱ ወገን ግድግዳ ወይም ሸራ። ገለባው ሲረጥብ ይቀየር። አጥንቱ የወጣ ውሻ በደረቅ መሬት ሲተኛ ክርኑና ዳሌው ይቆስላል። ውሻ ቤት አይገባም ለሚል ቤተሰብ የበረቱ ጥግ ይበቃል፤ የላም ትንፋሽ ያሞቃል።

ማታ አይፈታ። እግሩ የከዳው፣ ጆሮው የደነቆረ ውሻ ለጅብ እራት ነው። በአንዳንድ ከተማ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ የማስወገድ ዘመቻ የሚካሄድበት ጊዜም አለ፤ ያኔ ውጭ የሚዞር ሁሉ አንድ ነው። ደንቆሮ ውሻ ተኝቶ ሳለ አይነካ፤ መሬቱን በእግርዎ መታ ሲያደርጉ ንዝረቱ ይቀሰቅሰዋል። ልጆችም ይህን ይወቁ።

መዳኑ የሚታወቀው በሚዛን ነው፤ ዓይን በየቀኑ ሲያይ ይሳሳታል። እህል ነጋዴ ዘንድ ባስኩል አለ፤ ገበያ በማይበዛበት ቀን ውሻውን አቅፈው ይቁሙና ከዚያ ብቻዎን ቆመው ይቀንሱ። በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ ቁጥሩ መውጣት አለበት። ጸጉሩ የሚመለሰው ከ2 እስከ 3 ወር ነው። እየበላ የሚከሳ፣ ውኃ ያለ ልክ የሚጠጣ፣ አፉ አሞኒያ የሚሸት ከሆነ ኩላሊቱ ሄዷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሐኪሙን ምክር መስማትና፣ ማሰቃየት ሆኖ ሲገኝ ሳይሠቃይ የሚያሳርፈውን መርፌ መጠየቅ ነውር የለበትም። መርዝ ግን አይሰጥ፤ ሬሳውም ገደል አይጣል፤ ሌላ ውሻ፣ ጅብና ጥንብ አንሣ ይበሉታልና ጥልቅ ተቆፍሮ ይቀበር።

ለዳነው ደግሞ የሚቀረው ሥራ ትንሽ ነው፤ በየ3 ወሩ የትል መድኃኒት፣ በየዓመቱ ክትባት፣ ለስላሳ ምግብ በቀን ሁለት ጊዜ። ሐኪሙ የሚሰጥዎትን የክትባት ወረቀት ከመሬት ግብሩ ደረሰኝ ጋር በአንድ ላይ ያስቀምጡት። የጎረቤት ልጅ አንድ ቀን ቢቧጨር ጤና ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ውሻው ተከትቧል?» ብሎ ነው።